ነፋሱ በነፃ፣ ብረቱ በዶላር

ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ከተማዋ ከመድረሱ በፊት የነፋስ ተርባይኖቿን ያያል። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። በስተደቡብ በኩል የቆቃ ግድብ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ውሃ ኃይል ሲያመነጭ ኖሯል። በከተማዋ እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች የምታስረክበው ሴት ግን የመብራት ወጪዋ በየጊዜው እየጨመረባት ነው።

ነፋሱም ውሃውም አይሸጥም። ተርባይኑና ትራንስፎርመሩ ግን በውጭ ምንዛሪ የተገዙ ናቸው፤ የአዳማ የነፋስ ማመንጫዎችም የተሠሩት ከቻይና በተገኘ ብድር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለአራት ዓመታት በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ተደረገ። ከዚያ በፊት፣ ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም.፣ ታሪፉ ጨርሶ አልተነካም ነበር። ያ ርካሽ ዘመን ለባለሱቁ ውለታ ይመስላል፤ ነገር ግን ወጪውን የማይመልስ የመብራት ድርጅት መስመር ማደስ ይከብደዋልና ዕዳው በመብራት መቆራረጥ መልክ ተከፍሏል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። አንድ ሊትር ቤንዚን በትንሽ ጀነሬተር ሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው የሚሰጠው። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ የነዳጅ ድጎማው መነሳት ሲጀምር 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው ቤንዚን፣ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ከ101 ብር በላይ ሆነ። በዚህ ዋጋ ጀነሬተር የሚሰጠው አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ነዳጁ ብቻ 50 ብር ያስወጣል፤ ከመስመር የሚመጣው ጥቂት ብር ነው። ፀጉር ቤቱንም ብየዳ ቤቱንም ከታሪፉ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ልዩነት ነው።

ጋጋሪዋ ጀነሬተር አታስብም። ሥራዋ በሙሉ ሙቀት ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ባለ 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ በቀን አራት ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢበራ 364 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። በአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ አንድ ብር ሲጨመር በወር 364 ብር ከእጇ ይወጣል።

ኃይሉ የት ይገባል? የሊጡ አብዛኛው ክፍል ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት 315 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃል፤ የፈላውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 2,260 ኪሎ ጁል፣ ሰባት እጥፍ ማለት ነው፣ ያስፈልጋል። አክንባሎው ሲነሳ ፊት የሚገርፈው እንፋሎት ይህን ሁሉ ተሸክሞ ይወጣል። ሊጡ በቀጠነ ቁጥር የሚተነው ውሃ ይበዛል። ያለ እንፋሎት እንጀራ አይበስልምና ይህ ወጪ አይቀርም። ሊቀር የሚችለው ሌላው ብክነት ነው፦ ሸክላ ሙቀት ቀስ ብሎ ያሳልፋል፤ ጥቅል ሽቦው ከሥሩ ስለተቀበረ ምጣዱ እስኪሰማ ብዙ ኃይል ይሄዳል፤ ከታች ሙቀት የሚይዝ ነገር ካልተደረገለት ደግሞ ሙቀቱ ወደ መሬት ይፈስሳል። ለዚህ ነው ጠዋት ሃያ፣ ማታ ሃያ ከመጋገር አርባውን በአንድ ሙቀት መጨረስ የሚረክሰው። ቀጠን ያለ ሸክላና ጥሩ መከላከያ ያለው ምጣድ ይህን ብክነት ይቀንሳል፤ ብድር ሊመቻችለት የሚገባ ዕቃ ነው።

ወደ መቂና ባቱ ሲወረድ ሒሳቡ ናፍጣ ይሆናል። ሽንኩርትና ቲማቲም አምራቹ ከደንበል ሐይቅና ከጉድጓድ ውሃ የሚስበው በሞተር ፓምፕ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል አለ፤ ምንም ባይባክን 360 ሜትር ኩብ ውሃ 10 ሜትር ከፍ ያደርግ ነበር። ያረጀ ሞተርና የሚያፈስ ቱቦ ሲደማመሩ ግን የዚህን አንድ አሥረኛ ካወጣ ጥሩ ነው።

የፀሐይ ፓምፕ ከናፍጣ ያላቅቃል። ፓነሉም በዶላር ቢገባ የሚከፈለው አንዴ ነው። ሆኖም እስካሁን ገበሬውን ፓምፑን እንዲያጠፋ የሚያስገድደው የናፍጣው ዋጋ ነበር፤ ፀሐይ ስትሠራ ማጥፊያ ምክንያት የለውም። ከደንበል የሚተርፈው ውሃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል፤ አብያታ ደግሞ ከወዲሁ እጅግ ሸሽቷል። ስለዚህ የፀሐይ ፓምፕ በብድር የሚያቀርብ ሁሉ የውሃ ቆጣሪ አብሮ ይትከል፤ በየወሩም ስንት ሜትር ኩብ እንደወጣ ይመዝገብ።