ሒጃብና መረብ ኳስ፦ የዱዓ አል-ጎባሺ ጉዞ

በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች የጓደኞቻቸውን ሹራብ ታቅፈው ከግንቡ ሥር ሲቀመጡ ማየት ለእኛ ለመምህራን አዲስ አይደለም። አንዷን «ምነው አትጫወቺም?» ብንላት «አይሆንልኝም፣ መምህር» ብላ አንገቷን ትደፋለች። ያልሆነላት ኳሱ ይሁን ልብሱ አትነግረንም፤ እኛም አጥብቀን አንጠይቅም። ውድ አንባብያን፣ ስለ ግብጻዊቷ እህታችን ስለ ዱዓ አል-ጎባሺ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይኸው ነው።

ዱዓ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በ2016፣ ገና በ19 ዓመቷ፣ ከነዳ ሙዐወድ ጋር አገሯን ወክላ በሪዮ ኦሎምፒክ በኮፓካባና አሸዋ ላይ ተሰለፈች። ግብጽ በሴቶች የአሸዋ መረብ ኳስ ለኦሎምፒክ ስትበቃ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። በዚህ ጨዋታ በአንድ ወገን የሚሰለፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ተቀያሪም የለም። አንዷ ስትደክም ሌላዋ እጥፍ ትሮጣለች።

በዚህ ስፖርት የሴቶች መለያ ለረጅም ጊዜ ቢኪኒ ወይም ወጥ የዋና ልብስ ነበር። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ቁምጣና ባለ እጅጌ ካናቴራ የፈቀደው በ2012 ነው። ለሪዮ ደግሞ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ተፈቀደ። ዱዓ በዚያ ላይ ጥቁር ሒጃቧን አስራ ገባች።

ከጀርመናዊቷ ቫልከንሆርስት ጋር መረቡ ላይ ፊት ለፊት ሲዘሉ የተነሣው ፎቶ ዓለምን አዳረሰ። ብዙው ወሬ ስለ ጨርቅ ነበር፤ ስለ ኳሱ ያነሣ ጥቂት ነው። እሷ ሒጃብ ከለበሰች 10 ዓመት እንደሆናትና ከምትወደው ነገር እንዳላገዳት ለጋዜጠኞች ተናገረች። ጨዋታውን 2 ለ 0 ተሸነፉ፤ ጀርመኖቹም በመጨረሻ ወርቁን ወሰዱ። ግብጻውያኑ ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ ተሸንፈው ተመለሱ።

እኛን ይበልጥ የገረመን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የፎቶው ወሬ በረደ፤ ልጅቷ ግን ከአሸዋው አልወጣችም። ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ከማርዋ ዐብዱልሃዲ ጋር በፓሪስ በኤፍል ማማ ሥር ተሰለፈች። አሁንም በመጀመሪያው ጨዋታ የገጠማቸው በኋላ ወርቁን የወሰደው የብራዚል ቡድን ነበር፤ ዕጣው አልቀናቸውም። አስተናጋጇ ፈረንሳይ የራሷን ስፖርተኞች በሒጃብ እንዳይወዳደሩ ከልክላ ስለነበር፣ ለግብጻዊቷ የተፈቀደው ለፈረንሳዊቷ ሙስሊም አልተፈቀደም። ዱዓ ይህን ሳትፈራ ተቃውማለች።

«ጥብቅ ሱሪውስ? የወንድ ተመልካቹስ?» የሚሉን ወላጆች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ከዑለማዎቻችን ጠይቁ፤ እኛ ፈትዋ አንሰጥም። ሴት ልጅ መሮጧ በራሱ ነውር ነው የሚለው ግን ከዲን የመጣ አይመስለንም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በጉዞ ላይ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ሩጫ ተወዳድረው ማሸነፋቸውን፣ በኋላም ሰውነታቸው ሲከብድ መቀደማቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በሌላ ዘገባ ነቢዩ ሰዎቹን ቀድመው እንዲሄዱ አድርገው ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የሩጫው ሳይሆን የቦታው ነው።

በትምህርት ቤታችን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ግንብ የከለለው ባዶ ቦታ አለ፤ ከመንገድ አይታይም። የጎደለው ሁለት ቋሚ እንጨትና አንድ መረብ ነው። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ እናነሣዋለን፣ ኢንሻአላህ።