ባንክ ቢከስር ብራችን ምን ይሆናል?

ፈረስ ቤት ገበያ ላይ ድንችና ገብሱን ሸጦ ብሩን ባንክ የሚያስገባ ሰው አንድ ስጋት አያጣውም፦ «ባንኩ ቢዘጋስ?» እኛም «ባንክ እኮ አይዘጋም» እያልን እናልፈው ነበር። ግን ይዘጋል። በመጋቢት 2015 አሜሪካ ውስጥ ሲሊከን ቫሊ ባንክ ደንበኞቹ በስልካቸው ገንዘብ ለማውጣት ሲሻሙ በሁለት ቀን ውስጥ አበቃለት።

እኛ ጋ ታዲያ ምን መከታ አለ? በደንብ ቁጥር 482/2013 የተቋቋመ የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚባል ተቋም አለ። ባንኮችም ማይክሮ ፋይናንሶችም አባል መሆን ግዴታቸው ነው፣ በየዓመቱም አረቦን ይከፍላሉ። እናንተ ምንም አትከፍሉም፣ መመዝገብም የለባችሁም። ተቋሙ ከከሰረ ፈንዱ ለአንድ ሰው እስከ 100 ሺህ ብር ይከፍላል።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ጣሪያው የሚቆጠረው በአንድ ሰው፣ በአንድ ተቋም ነው። አንድ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ 180 ሺህ ብር አንድ ባንክ ውስጥ ቢኖረው መድኑ የሚሸፍነው 100 ሺውን ነው። ቀሪው 80 ሺህ የባንኩ ንብረት ተሸጦ እስኪከፋፈል ይጠብቃል፣ ሙሉውን ላያገኝም ይችላል። ሦስት ደብተር ቢያወጣም ባንኩ አንድ ከሆነ ተደምሮ ነው የሚታየው። 90 ሺህ 90 ሺህ አድርጎ ሁለት ባንክ ቢያስቀምጥ ግን ሁሉም ተሸፈነ ማለት ነው።

የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ግን በዚህ ፈንድ ውስጥ የለም። ዕቁብማ በጭራሽ፤ የዕቁብ መድኑ ዋሱ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ጣሪያው 100 ሺህ ዩሮ ነው። ትላልቆቹን ባንኮች ፍራንክፈርት ያለው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በቀጥታ ይቆጣጠራል፤ ሲወድቁ የሚረከባቸው ደግሞ ብራስልስ ያለ ሌላ ቦርድ ነው። በግንቦት 2009 መጨረሻ የስፔኑ ባንኮ ፖፑላር ሲወድቅ በአንድ ሌሊት ለሳንታንደር በ1 ዩሮ ተሸጠ። አዎ፣ አንድ ዩሮ! ባለአክሲዮኖቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ፣ አስቀማጮቹ ግን በማግስቱ እንደወትሮው ብራቸውን አወጡ።

እኛ ጋ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ፈንዱም ተጠሪነቱ ለእሱ ነው። ባንኮች ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ድረስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ ያዘዘውም እሱ ነው፤ ካፒታል ማለት ኪሳራ ሲመጣ ከእናንተ ብር በፊት የሚበላው የባለቤቶቹ ገንዘብ ነው። ታኅሣሥ 2017 ፓርላማ ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል።

ስለዚህ አክሲዮን ግዙ ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ፦ አክሲዮን ተቀማጭ አይደለም። ፈንዱ አንድ ብር አይከፍልበትም።