ሰው የማያልፍበት ድንበር፥ ጋዝ ያለፈበት ቧንቧ

አንባቢ ሆይ፤ የአልጄሪያና የሞሮኮ የየብስ ድንበር በ1994 ተዘጋ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከወዲያና ከወዲህ ያሉ ዘመዳሞች ለመጠያየቅ በአውሮፕላን መዞር ግድ ሆነባቸው። በ1996 ግን በዚያው በተዘጋው ድንበር አንድ መንገደኛ ያለ ይለፍ ወረቀት ማለፍ ጀመረ፤ እርሱም የተፈጥሮ ጋዝ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ካርታዎን ይዘርጉ። ጋዙ የሚወጣው በሰሐራ በረሓ ሰሜናዊ ዳር፥ በ1956 ከተገኘው ከሐሲ ርመል ነው። ገዢዋ እስፓኝ ከባሕር ማዶ ናት። ጋዝን በመርከብ ለመላክ ከዜሮ በታች እስከ 162 ዲግሪ አቀዝቅዞ ፈሳሽ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህም ብዙ ወጪ ይጠይቃል። በቧንቧ ሲሆን ግን በየጣቢያው ያሉ ሞተሮች እየገፉ ይሰዱታል። ባሕሩ የሚጠበው በጅብራልታር አካባቢ ስለ ሆነ፥ ቧንቧው የሞሮኮን ምድር አቋርጦ፥ 45 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕር ወለል ተዘርግቶ እስፓኝ ገባ። ሞሮኮም የመተላለፊያውን ዋጋ በአብዛኛው በጋዝ እየተቀበለች የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቿን ታንቀሳቅስበት ነበር።

ሁለቱ ጎረቤቶች በምዕራብ ሰሐራ ጉዳይ ለብዙ ዘመን ሲቃቃሩ ኖረው፥ በኦገስት 2021 አልጄሪያ የዲፕሎማቲክ ግንኙነቷን አቋረጠች። የ25 ዓመቱ የቧንቧ ውል ኦክቶበር 31 ቀን ሲያልቅም አላደሰችውም። ከ2011 ጀምሮ፥ ከ2,000 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ባሕር ሥር በቀጥታ ወደ እስፓኝ የሚሄድ ሌላ ቧንቧ ስለ ነበራት ብዙም አልተጎዳችም። የሞሮኮ የታሐዳርትና የዐይን በኒ መጥሀር ጣቢያዎች ግን ያለ ጋዝ ቀሩ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። ሞሮኮ ፈሳሽ ጋዝ ከዓለም ገበያ ልትገዛ ፈለገች፤ ዳሩ ግን የምታራግፍበት ወደብ አልነበራትም። ስለዚህ መርከቡ በእስፓኝ ወደብ አራግፎ፥ ፈሳሹ እንደ ገና ጋዝ ሆኖ፥ ከጁን 2022 ጀምሮ በዚያው በአሮጌው ቧንቧ ወደ ኋላ፥ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ ይሄድ ጀመር። አልጄሪያ የሸጥሁላችሁ ጋዝ ለሞሮኮ ቢተላለፍ ውላችሁን እንዳፈረሳችሁ እቆጥረዋለሁ ስትል እስፓኝን አስቀድማ አስጠንቅቃ ነበር።

ልብ ይበሉ፤ ጋዝ ከጋዝ ከተቀላቀለ በኋላ የማን እንደ ሆነ ማንም ለይቶ አያውቅም። እስፓኝ ያገኘችው መላ የጸሐፊ መላ ነው፤ ለሞሮኮ የተራገፈው ጭነት ምንጩ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ይጻፍለታል፥ ከዚያም በቧንቧው ይለቀቃል። በመዝገብ ቤት የሚሠሩ አንባቢዎቻችን ይህን ሲሰሙ ጥቂት ሳይኮሩ አይቀሩም። ከድንበሩ ወዲያ በአልጄሪያ በኩል የቀረው የቧንቧው ክፍል ግን ከዚያ ኦክቶበር ወዲህ ለሞሮኮ ጋዝ አልሰደደም።