ደስታ ያልተገኘበት ድል

ከሰቆጣ ወደ ደቡብ የሚዘልቀው የዋግ ደጋ ከላስታ ተራሮች ጋር ይያያዛል። በሁለቱም የአገው ሕዝብ ይኖራል፤ አንዲት ቤተ ክርስቲያንም ታስተሳስራቸዋለች። በዚህ ምድር የሃይማኖትና የመንግሥት ጠብ ተደባልቆ ወንድምን ከወንድም እንዳዋጋ ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል እንላለን።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት በግልጥ ተቀበሉ። በ1617 ዓ.ም. የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም እንደ ገና እንዲካኑ፥ ጾሙና በዓሉም እንዲለወጥ አደረጉ። ገበሬውም ነገሩን ከቤተ መንግሥት ወሬ ይልቅ በገዛ ማዕዱ ዐወቀው፤ አባቱ የጾመውን ረቡዕ እርሱ እንዲበላበት ተነግሮት ነበርና።

በ1621 ዓ.ም. ላስታ ከነገሥታት ዘር በሆነው በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ተነሣ። በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ትልቅ ድል አገኙ፤ ነገር ግን በዚያ ቀን 8,000 ያህል ሰው እንደ ወደቀ ተጽፏል። የወደቁትም ባዕዳን አልነበሩም፤ የገዛ አገራቸው ክርስቲያኖች ነበሩ። ንጉሡም የአባቶችን ሃይማኖት በዐዋጅ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ሃይማኖቱ ተመለሰ፤ ጦርነቱ ግን አልቆመም። መልክአ ክርስቶስ ዙፋኑን ፈልጎ ከፋሲለደስም ጋር ተዋጋ። የሥልጣን ምኞት በሃይማኖት ቁጣ ላይ ከተፈናጠጠ፥ ምክንያቱ ካለፈ በኋላ እንኳ ሰይፉ ወደ አፎቱ አይመለስም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ይህን ታሪክ በምሽት ለልጆቻችሁ ስትነግሩ የሙታኑን ቍጥር አትዝለሉት።