የዮጋ ምንጣፍ አመራረጥ፦ በቤት ውስጥ እንቅስቃሴ ለሚሠሩ ሕመምተኞች

የወገብ ወይም የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው ወደ ፊዚዮቴራፒ ሲሄድ ብዙውን ጊዜ ወለል ላይ ተኝቶ ወይም ተንበርክኮ በቤቱ የሚሠራቸው እንቅስቃሴዎች ይታዘዙለታል። ቤቱ ሲደርስ ግን ሲሚንቶው ወይም ሴራሚኩ ይቆረቁረዋል፣ ይቀዘቅዘዋል። ፍራሽ ላይ ሲሞክረው ደግሞ ሰውነቱ ይሰምጥና እንቅስቃሴው እንደታዘዘው አይሆንም። ከጥቂት ቀናት በኋላ እንቅስቃሴውን ይተወዋል፤ ሕመሙ ግን ይቀጥላል።

በተለምዶ «የዮጋ ማት» ተብሎ የሚሸጠው ምንጣፍ ይህን ችግር ያቃልላል። ምንጣፉ ዮጋ ለሚሠሩ ሰዎች ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ወለል ላይ ለሚሠራ ማንኛውም የአካል እንቅስቃሴ ያገለግላል። በአግባቡ ካልተመረጠ ግን ራሱ የመውደቅ፣ የእጅ አንጓ ሕመም ወይም የአለርጂ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች ይመልከቱ።

ጥሩ ምንጣፍ የሚባለው ምን ዓይነት ነው?

ከምንጣፍ ሁለት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛው ጉልበትዎና አከርካሪዎ በጠንካራው ወለል እንዳይቆረቆሩ መከላከል ነው። ሁለተኛው እግርዎና እጅዎ ሳይንሸራተቱ ባሉበት ጸንተው እንዲቆዩ ማድረግ ነው። እነዚህ ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ይጋጫሉ። ምንጣፉ በወፈረና በለሰለሰ ቁጥር ለጉልበት ይመቻል፤ ነገር ግን ቆመው ሲሠሩ እግር ስለሚሰምጥ ሚዛን መጠበቅ ይከብዳል። ስለዚህ «ወፍራም ከሆነ ጥሩ ነው» የሚለው አባባል ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። በመጀመሪያ ራስዎን የሚጠይቁት ጥያቄ፣ የታዘዘልኝ እንቅስቃሴ በአብዛኛው ተኝቼ የምሠራው ነው ወይስ ቆሜ? የሚለው ነው።

ውፍረት

• ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፦ ለጉዞ የሚሆኑ፣ በቀላሉ የሚታጠፉ ምንጣፎች ናቸው። ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ ሲነጠፉ ለጉልበትም ሆነ ለጀርባ በቂ ምቾት አይሰጡም።
• ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፦ ቆመው ለሚሠሩ የሚዛን እንቅስቃሴዎች ጥሩ ናቸው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን ብቻቸውን አይበቁም።
• ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፦ ተኝተውም ቆመውም ለሚሠሩ ብዙ ሰዎች የሚስማማ መካከለኛ ውፍረት ነው።
• ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር፦ ተኝተው ለሚሠሩ የወገብና የሆድ ጡንቻ እንቅስቃሴዎች ይመቻሉ። ቆሞ ለመሥራት ግን አይመረጡም፤ በተለይ ሚዛናቸውን መጠበቅ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ።

የሚያምዎ ጉልበትዎ ብቻ ከሆነ በጣም ወፍራም ምንጣፍ ከመግዛት ይልቅ መካከለኛውን ገዝተው፣ በሚንበረከኩበት ጊዜ ብቻ የታጠፈ ፎጣ ወይም ጋቢ ከጉልበትዎ ሥር ማድረግ የተሻለ ነው።

የእጅ አንጓ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በተቃራኒው ጠንከር ያለ ምንጣፍ ያስፈልጋቸዋል። በእጅና በጉልበት ተደግፈው ሲሠሩ፣ በጣም ለስላሳ ምንጣፍ ላይ የመዳፍ ታችኛው ክፍል ይሰምጣል፤ አንጓውም ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ጠንከር ባለ ምንጣፍም ሕመሙ ካልቀነሰ፣ እጅን ጨብጦ ወይም በክርን ተደግፎ መሥራት ይቻል እንደሆነ ፊዚዮቴራፒስትዎን ይጠይቁ።

አለመንሸራተት

ምንጣፍ ሁለት ገጽ አለው፤ ሁለቱም መፈተሽ አለባቸው። የላይኛው ገጽ እጅና እግርን መያዝ አለበት፤ በላብ ሲረጥብ የሚያንሸራትት ከሆነ ላብ ለሚበዛበት ሰው አይሆንም። የታችኛው ገጽ ደግሞ ወለሉን መያዝ አለበት። አቧራ ያለበት ወይም እርጥብ ሴራሚክ ላይ ጥሩ ምንጣፍም ቢሆን ስለሚንሸራተት፣ ከመንጠፍዎ በፊት ወለሉን ጠርገው ያድርቁ። የሳሎን ምንጣፍ ላይ ደርቦ መንጠፍም አይመከርም፤ ሲረግጡት ይሸበሸባል፣ ከቦታውም ይንቀሳቀሳል። ካልሲ አድርገው ምንጣፍ ላይ አይቁሙ።

የተሠራበት ነገር

• ፒቪሲ፦ ዋጋው መጠነኛ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያገለግላል። ፒቪሲን ለማለስለስ ፍታሌት የሚባሉ ኬሚካሎች የሚጨመሩበት ጊዜ አለ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሰውነትን ሆርሞንና የመራባት ጤና ሊጎዱ ስለሚችሉ የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አራቱ በእንዲህ ዓይነት ዕቃዎች ውስጥ በድምሩ ከክብደቱ 0.1 በመቶ እንዳይበልጡ ገድቧል። ስለዚህ በተለይ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃናት ባሉበት ቤት ከፍታሌት ነፃ መሆኑ የተጻፈበትን ይምረጡ።
• የተፈጥሮ ጎማ፦ በደንብ ይይዛል፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ መጀመሪያ ላይ ይሸታል፣ ፀሐይ ላይ ሲውል ይሰነጣጠቃል።
• ቲፒኢ፦ ቀላል ነው፤ ብዙውን ጊዜም ላቴክስ የለበትም። ከፒቪሲና ከጎማ ቀድሞ ሊያረጅ ይችላል።
• ኤንቢአር፦ ብዙዎቹ በጣም ወፍራምና ለስላሳ ምንጣፎች የሚሠሩበት ነው። ተኝቶ ለመሥራት ይመቻል፤ በቀላሉ ግን ይቀደዳል።
• ቡሽ፦ እርጥበት ሲነካው የተሻለ ይይዛል። የታችኛው ክፍሉ ብዙ ጊዜ የተፈጥሮ ጎማ ነው።

የላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰው የተፈጥሮ ጎማ ያለበትን ምንጣፍ መጠቀም የለበትም። ይህ አለርጂ በተለይ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ሰዎች፣ የጎማ ጓንት አዘውትረው በሚጠቀሙ የጤና ባለሙያዎችና ከአከርካሪ ክፍተት ጋር በተወለዱ ልጆች ላይ ይታያል። ሙዝ፣ አቮካዶ ወይም ኪዊ ሲበሉ አፋቸውን የሚያሳክካቸው አንዳንድ ሰዎችም ይህ አለርጂ ሊኖርባቸው ይችላል። ምንጣፉን ከተጠቀሙ በኋላ ቆዳዎ ካሳከከ ወይም ሽፍታ ካወጣ መጠቀሙን ያቁሙ። ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽም ካጠረ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ልክ

የተለመደው ምንጣፍ 61 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 173 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው። ለረጃጅም ሰዎች 183 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑም አሉ። በጀርባዎ ሲተኙ ጭንቅላትዎም ተረከዝዎም ምንጣፉ ላይ ማረፍ አለባቸው።

ሲገዙ ምን ይፈትሹ?

1. ዘርግተው ያዩት። ጠርዙ እየተጠቀለለ አልረጋ ካለ እግር ጠልፎ ሊጥል ይችላል።
2. በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። የታችኛው ወለል ጥርት ብሎ ከተሰማዎት ጉልበትዎን አይከላከልም። ጣትዎን ሲያነሡ ቶሎ ወደ ቦታው የማይመለስም ብዙ አያገለግልም።
3. ወለል ላይ አድርገው በመዳፍዎ ወደ ፊት ይግፉት። መዳፍዎም ምንጣፉም መንሸራተት የለባቸውም።
4. ጠርዙን በጣትዎ ፈተግ ያድርጉት። የሚፈረፈር ከሆነ ይተዉት።
5. ያሽትቱት። ጠንካራ የኬሚካል ሽታ ያለውን አስም ያለበት ሰው ባይገዛው ይመረጣል። ቀለል ያለ ሽታ ከሆነ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ዘርግተው ያናፍሱት።

በኢንተርኔት የሚገዙ ከሆነ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር፣ ከምን እንደተሠራና መመለስ ይቻል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች

• የስኳር ሕመምተኞች፦ እግርዎ የሚደነዝዝ ከሆነ ቁስል ሳይሰማዎት ሊፈጠር ይችላል። በባዶ እግር አይሥሩ፤ የማያንሸራትት ምቹ ጫማ ያድርጉ። ከእንቅስቃሴው በኋላ የእግርዎን መዳፍና በጣቶችዎ መካከል ይመልከቱ።
• የአጥንት መሳሳት ያለባቸው፦ ምንጣፉ ለስላሳ ቢሆንም ወገብን ወደ ፊት አጥብቆ ማጠፍና መጠምዘዝ አከርካሪን ሊሰብር ይችላል። የትኞቹን እንቅስቃሴዎች መተው እንዳለብዎ ባለሙያ ይንገርዎ።
• ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች፦ የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ሚዛንና ጥንካሬን የሚያዳብሩ እንቅስቃሴዎችን በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲሠሩ ይመክራል። ምንጣፉን ከግድግዳ አጠገብ ይንጠፉ፤ የማይነቃነቅ ወንበርም ያቅርቡ። ከወለል ሲነሡ በቅድሚያ በጎን ይዙሩ፣ ተንበርክከው ወንበሩን ይያዙ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይነሡ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በድንገት ሲነሡ ሊያዞራቸው ይችላል።
• ነፍሰ ጡሮች፦ በተለይ ከ16 ሳምንት በኋላ በጀርባ ተኝቶ ለረጅም ጊዜ መቆየት አይመከርም።

ንጽሕና

በጋራ የሚሠራበት ጂም ውስጥ የሌላ ሰው ምንጣፍ መጠቀም የእግር ፈንገስንና ሌሎች የቆዳ ኢንፌክሽኖችን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የራስዎን ይዘው ይሂዱ። ምንጣፉን ለዘብ ባለ ፈሳሽ ሳሙናና ውኃ በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ሳሙናው ካልለቀቀ ያንሸራትታል። በረኪና አይጠቀሙ። ጥላ ውስጥ በደንብ ሳይደርቅ አይጠቅልሉት። ላዩ ሲያልቅ፣ ሲሰነጠቅ ወይም ማንሸራተት ሲጀምር በሌላ ይተኩት።

ምንጣፍ መግዛት ካልቻሉ

ተኝተው ለሚሠሩት እንቅስቃሴ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይበቃል። ብርድ ልብስ ላይ ግን ቆመው አይሥሩ፤ ከሥርዎ ተንሸራትቶ ሊጥልዎ ይችላል። ቆመው የሚሠሩትን የማያንሸራትት ጫማ አድርገው በደረቅ ወለል ላይ ይሥሩ። ወለል ላይ መውረድና መነሣት የማይችሉ ከሆነም እንቅስቃሴውን አይተዉት፤ ብዙዎቹ በአልጋ ወይም በወንበር ላይ እንዲሠሩ ተደርገው ሊቀየሩ ስለሚችሉ ፊዚዮቴራፒስትዎን ይጠይቁ።

ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

በእንቅስቃሴ ጊዜ ሕመሙ ከባሰ፣ ወደ እግር ከወረደ ወይም እግርዎ ከደነዘዘ እንቅስቃሴውን አቁመው ባለሙያ ያማክሩ። የሚከተሉት ከታዩ ግን ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፦

• የደረት ሕመም፣ ከባድ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት
• ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ
• ከወደቁ በኋላ መቆም አለመቻል ወይም ኃይለኛ የወገብ ሕመም

ለቤተሰብ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመምተኛው እንቅስቃሴውን ሲሠራ አጠገቡ ይሁኑ። ምንጣፉ መንሸራተቱን፣ ሕመምተኛው ከወለል ሲነሣ መቸገሩንና የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚያመው ልብ ብለው፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለፊዚዮቴራፒስቱ ይንገሩ።