«ይለያል» እና «ይበልጣል»

ባለፈው መስከረም የስድስት ዓመት ልጄ የምሳ ዕቃዋን እንደሄደ መለሰችው። በውስጡ ያለው ጥቅልል እንጀራ አልተነካም።

«አባዬ፣ ሁለተኛ እንጀራ እንዳትቋጥርልኝ። ጓደኛዬ ‹የተበላሸ ፓንኬክ ነው› አለችኝ» አለች አንገቷን ደፍታ።

ቱግ አልኩና «የእኛ ከእነሱ ይበልጣል!» አልኳት። ልጄ ዝም አለች። ማታ ሳስበው ግን እኔም ሆንኩ ያቺ ትንሽ ልጅ ያደረግነው አንድ ዓይነት ነገር ነበር። ሁለታችንም ሳናነጻጽር ፈረድን።

ወደ ጀርመን የመጣሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ አሁን የሶፍትዌር መሐንዲስ ሆኜ እሠራለሁ። በሥራዬ በየቀኑ ሁለት የኮድ ቅጂዎችን ጎን ለጎን የሚያሳይ መሣሪያ እጠቀማለሁ። መሣሪያው የትኛው እንደሚሻል አይነግረኝም፤ ምኑ እንደተመሳሰለና ምኑ እንደተለየ ብቻ ያሳየኛል። ፍርዱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ የእኔ ሥራ ነው። ይህን ለልጄ ለምን አላስተምራትም አልኩ።

ባለቤቴ ሐሙስ ሊጥ አቦካች። ቅዳሜ ጠዋት ምጣዱንና መጥበሻውን አጠገብ ለአጠገብ ጣድን። አንድ ወረቀት ለሁለት ከፈልኩና «መጀመሪያ የሚመሳሰሉበትን ንገሪኝ» አልኳት። «ሁለቱም ሊጥ ናቸው። ሁለቱም ክብ ናቸው። ሁለቱም በእሳት ይበስላሉ» አለች። ልዩነቱን ስጠይቃት ደግሞ እንጀራው ከጤፍ፣ ፓንኬኩ ከስንዴ፣ ከወተትና ከእንቁላል መሆኑን፣ ፓንኬኩ ሲገለበጥ እንጀራው ተከድኖ በአንድ ወገን ብቻ እንደሚበስል ቆጠረች።

ከዚያ ፓንኬኩን ልገለብጥ ስል እጄን ያዘችኝ። «አባዬ ቆይ! ፓንኬኩም ዓይን አለው!»

እውነቷን ነው። ከመገልበጡ በፊት ፊቱ ላይ ቀዳዳ ይታያል። በእንጀራ ሊጥ ውስጥ እርሾው በቀናት፣ በፓንኬኩ ውስጥ ቤኪንግ ፓውደሩ በደቂቃዎች ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። ፓንኬኩ ሲገለበጥ ዓይኑ ይደበቃል፤ እንጀራው ስለማይገለበጥ ዓይኑ እንዳለ ይቀራል። «ታዲያ ለምን ይኮመጥጣል?» አለችኝ። በእርሾው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አሲድ ስለሚሠሩ ነው አልኳት። ጓደኛዋ የምትበላው ጥቁሩ የጀርመን ዳቦም ብዙውን ጊዜ በእንዲሁ ዓይነት እርሾ እንደሚቦካ ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ።

ውድ ወላጆች፣ ይህን ለማድረግ ምጣድ መጣድ አያስፈልግም። ማንኪያና ሹካ፣ ነጠላና የአንገት ሻርፕ ይበቃሉ። የግድግዳውን ሰዓትም ተጠቀሙበት፤ ጠዋት 7 ሲል እኛ 1 ሰዓት የምንለው ቆጠራውን ከንጋት ስለምንጀምር ነው። እኛን የጠቀመን ቅደም ተከተል ይኸው፦

1. መጀመሪያ የሚመሳሰሉበትን ይናገሩ፤ ቢያንስ ሦስት።
2. ቀጥሎ የሚለያዩበትን።
3. ከዚያ «ለምን ተለያዩ?»
4. በመጨረሻ «የትኛው ለምን ይሻላል?» ሾርባ ለመብላት ማንኪያ፣ ፓስታ ለመጠቅለል ሹካ።

ጨዋታው በአማርኛ ይሁን። «ሁለቱም»፣ «ግን»፣ «ከዚህ ይልቅ» የሚሉትን ቃላት ልጆች ሳያውቁት ይለምዷቸዋል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ልጅን ከወንድሙ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋር አታነጻጽሩ። ያ ትምህርት አይሆንም፤ ቁስል ነው።

ልጄ ዛሬም ለትምህርት ቤት የምትፈልገው ዳቦ ነው፤ አላስገድዳትም። ባለፈው ሳምንት ግን ጓደኛዋ ቤታችን መጥታ ማዕዱን በጥርጣሬ ስታይ፣ የእኔዋ አንድ ቁራሽ እንጀራ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችና በጀርመንኛ እንዲህ አለቻት፦ «የተበላሸ አይደለም። እንደ ዳቦሽ የቦካ ነው። ዓይኖቹን ቁጠሪያቸው።»

ሁለቱም መቁጠር ጀመሩ።