ቡችላ ወደ ቤት ከመምጣቱ በፊት

ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ከ10,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከላም፣ ከበግና ከዶሮ ቀድሞ ሰውን የተላመደ እንስሳ ነው። ሌሊት ሰው ሲተኛ እሱ ጆሮውን ጥሎ ያድራል። ጅብ ወደ በረት ሲጠጋ፣ ሸለምጥማጥ ዶሮ ቤት ሲገባ፣ ሌባ አጥር ሲነቀንቅ ቀድሞ የሚሰማው ውሻ ነው። ስለዚህ በገጠር ውሻ የሌለበት ደጅ ጥቂት ነው።

ታዲያ ውሻ የምናገኘው እንዴት ነው? የጎረቤት ውሻ ትወልዳለች። ልጆች ይሄዱና አንዱን ቡችላ በጉያቸው ሸጉጠው ይመጣሉ። የት ይደር? ማን ያብላው? ማን ያስከትበው? ማንም አላሰበበትም። ቡችላው በፍርፋሪና በእርግጫ ያድጋል። ዓመት ሳይሞላው ወይ ይሞታል፣ ወይ ጫጩት ይጨርሳል፣ ወይ መንገደኛ ይነክሳል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የውሻው ነው እንላለን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? ያለ ዝግጅት የመጣ ቡችላም እንዲሁ ነው።

የቡችላ ነገር ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን አይደለም። በደንብ ያደገና የተከተበ ውሻ ቤት ይጠብቃል። ያልተከተበ ውሻ ግን የገዛ ልጃችንን ሊገድልብን ይችላል። ስለዚህ ዝግጅቱን ከመጀመሪያው እንመልከት።

ምን ዓይነት ቡችላ እንምረጥ?

ብዙ ሰው ውሻ ትልቅ ካልሆነ ውሻ አይመስለውም። ለቤት ጥበቃ ግን ከጥርሱ ይልቅ ጆሮውና ድምፁ ይጠቅማሉ። ቁመቱ ያጠረ ትንሽ ውሻም ኮሽታ ይሰማል፤ ጮኾም ባለቤቱን ይቀሰቅሳል። የሚበላው ደግሞ ከትልቁ ያነሰ ነው። እህል በሚያጥርበት በክረምት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ትንሽ ውሻ ጅብንም ነብርንም አይችልም። የእሱ ሥራ መጮኽ ነው። ስለዚህ ሌሊት ከአጥር ውጭ ማደር የለበትም።

ቡችላው አድጎ ምን ያህል እንደሚሆን ማወቅ ትፈልጋላችሁ? እናቱን እዩ። ከተቻለ አባቱንም እዩ። የእናቱን ጠባይም ተመልከቱ። ሰው ስታይ የምትበረግግ ወይም ያለ ነገር የምትናከስ ከሆነች ልጇም ጠባይዋን ሊወርስ ይችላል።

ከቡችሎቹ መካከል ዓይኑ የጠራውን፣ ፀጉሩ ያልረገፈውን፣ ሲጠሩት ጅራቱን እየቆላ ጠጋ የሚለውን ምረጡ። ሰውነቱ ከስቶ ሆዱ ብቻ የተነፋ ቡችላ ብዙውን ጊዜ የሆድ ትል አለበት።

ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት። ጡት ሳይጠግብ የተለየ ቡችላ ቶሎ ይታመማል። ደግሞም ቡችላ ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት አጥብቆ መንከስ እንደማይገባ ይማራል። አጥብቆ ከነከሰ ሌላው ይጮኻል፤ ጨዋታውንም ያቆማል። ይህን ሳይማር የመጣ ቡችላ የልጆችን እጅ ይነክሳል።

ቀድመን ምን እናዘጋጅ?

አንደኛ፣ ማደሪያ። ከታዛ ሥር ዝናብና ነፋስ የማያገኘው ጥግ ፈልጉ። ከመሬት ከፍ ያለ ርብራብ ሥሩለት። በላዩም ደረቅ ጭድና አሮጌ ጆንያ አንጥፉ። በደጋ አገር የሌሊቱ ብርድ ብርቱ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቡችላው ከበሩ ወደ ውስጥ ቢያድር ይሻላል። ከእናቱ ስለተለየ ሌሊት ያለቅሳል። አትምቱት። የእናቱ ጠረን ያለበት ጨርቅ አብራችሁ ብታመጡለት ቶሎ ይጽናናል።

ሁለተኛ፣ ዕቃ። አንድ ጣባ ለምግቡ፣ አንድ ጣባ ለውሃው ይኑር። የሰው ዕቃ አይሁን።

ሦስተኛ፣ ከአደጋ መከላከል። ቡችላ ያገኘውን ሁሉ ይቀምሳል። የአይጥ መርዝ፣ የፀረ ተባይ መድኃኒትና የመድኃኒቱ ባዶ ዕቃ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጡ። ይህ ለሕፃናትም ይጠቅማል። በአጥሩ ሥር ቀዳዳ ካለ ድፈኑ።

አራተኛ፣ ተጠሪ። ቤተሰቡ ይማከር። ጠዋት ማን ያበላዋል? ማታ ማን ያስገባዋል? ክትባት ማን ይወስደዋል? የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም አይሆንም።

አመጋገቡ

ከሁለት እስከ አራት ወር ያለ ቡችላ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላት አለበት። ትንሽ ቡችላ ሆዱ ጠባብ ነው፤ ረጅም ሰዓት ሳይበላ ከዋለ ይዝላል። ስድስት ወር ሲሞላው በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። በመረቅ የራሰ ቂጣ ወይም እንጀራ፣ ሲገኝም የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ይስማማዋል። የላም ወተት ሲበዛ ያስቀምጠዋል።

ሽንኩርትና በርበሬ የገባበትን ወጥ አትስጡት። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ደም ይጎዳሉ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም አትስጡት። ተሰንጥቆ ጉሮሮውን ወይም አንጀቱን ይወጋዋል። ንጹሕ ውሃ ግን ቀኑን ሙሉ አይለየው።

እንዴት እናስተምረው?

ቡችላ ከሁሉ ይልቅ የሚለምደው እስከ አራት ወር ገደማ ባለው ዕድሜው ነው። በዚህ ጊዜ ያየውንና የሰማውን ሲያድግ አይፈራውም። ስለዚህ ልጆችን፣ ሽማግሌዎችን፣ ከብቶችን፣ አህያ የሚነዳ መንገደኛን ይይ። ሁልጊዜ ታስሮ የሚያድግ ውሻ ግን ሰው ባየ ቁጥር ይደነግጣል፤ የደነገጠ ውሻም ይናከሳል።

አጭር ስም አውጡለት። ስሙን ጠርታችሁ ሲመጣ ቁራሽ ቂጣ ስጡት። በቁጣ ለመምታት አትጥሩት። አንድ ጊዜ ተጠርቶ የተመታ ቡችላ ሁለተኛ ሲጠሩት ይሸሻል።

ቤት ውስጥ እንዳይሸና ምን ይደረግ? ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ በልቶ ሲያበቃና ተጫውቶ ሲደክም ወደ ውጭ አውጡት። ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ይሁን። እዚያ ሲሸና ወዲያው አመስግኑት። በዚህ ዕድሜው ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት በላይ መያዝ ስለማይችል ቶሎ ቶሎ ማውጣት ነው። ቤት ውስጥ ቢሸና ቦታውን ማጠብ እንጂ አፍንጫውን መሬት ላይ ማሸት አይጠቅምም። ለምን እንደተቀጣ አይገባውም፤ የሚማረው ሰውን መፍራት ብቻ ነው።

ዶሮ እንዳያሳድድ ገና በትንሽነቱ በገመድ ይዛችሁ ከዶሮዎች አጠገብ አስቀምጡት። ዝም ብሎ ሲያያቸው ቁራሽ ስጡት። ሊዘል ሲል «ተው!» በሉና ገመዱን ሳብ አድርጉ። ይህን በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ብታደርጉ ይለምዳል። ቃሉ ግን በቤቱ ሰው ሁሉ ዘንድ አንድ ይሁን። አባት «ተው!» ሲሉ፣ ልጅ «ሂድ!» ሲል፣ እናት ድንጋይ ሲያነሱ ቡችላው የትኛውን ይማር?

ከአራት ወር ጀምሮ የወተት ጥርሱ ይረግፋል። ድዱን ስለሚያሳክከው ጫማና ኮርቻ ያኝካል። ወፍራም ገመድ ቋጥራችሁ ስጡት። ጫማችሁንም ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ።

ስለ ሆድ ትል

ቡችላ ከእናቱ ሆድና ከጡቷ ወስፋት ይወስዳል። ስለዚህ እንደመጣ በእንስሳት ጤና ባለሙያ ምክር የትል መድኃኒት ይሰጠው።

ሌላም ትል አለ። በግ ወይም በሬ ሲታረድ በጉበቱና በሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ያን እንቆርጥና ለውሻ እንወረውራለን። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው በውሻው አንጀት ገብቶ ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ከዚያም በእጅ፣ በውሃና በጎመን ወደ ሰው አፍ ይገባል። በሰውም ጉበትና ሳንባ ውስጥ እንዲሁ ያለ ከረጢት ያበቅላል። እንግዲህ የታመመውን ሥጋ አቃጥሉት፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ቅበሩት። ውሻ የነካ ሰው ሁሉ ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ

አሁን ከሁሉ ወደሚብሰው ደረስን። የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ከፀሐይ ወይም ከረኃብ አይደለም። በዓይን በማይታይ ተዋሲ ነው። ተዋሲው በታመመው እንስሳ ለሃጭ ውስጥ ይኖራል። ሲነክስ ወይም ቁስል ሲልስ ይተላለፋል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙ 100 ሰዎች 99ኙ በሽታው የሚጋባባቸው ከውሻ ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎችም ከ100ው 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

ያበደ ውሻ ጠባዩ ይለወጣል። ጭምቱ ቁጡ ይሆናል፤ ቁጡው ይፈዛል። ድምፁ ይጎረንናል። መዋጥ ያቅተዋል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል። እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል። በመጨረሻ እግሩ ይልፈሰፈሳል፤ ምልክቱ ከታየበትም በኋላ ብዙውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል።

በሰው ላይ በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ከዚያ በፊት ግን በክትባት ይከለከላል።

የዚህን ክትባት መንገድ የከፈተው ሉዊ ፓስተር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። በ1885 እ.ኤ.አ. አንዲት እናት በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጇን ይዛ ፓሪስ ድረስ መጣች። ፓስተርም ልጁ በተነከሰ በሁለተኛው ቀን ክትባቱን አስጀመረለት። ልጁ ዳነ። የዳነው እናቱ «ቁስሉ ይድናል፣ እንጠብቅ» ብላ ስላልተቀመጠች ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገምለት። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። ይህ ተዋሲውን ይቀንሳል። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እዚያ ክትባቱ ባይኖር የት እንደሚገኝ ይነግሯችኋል። ጸበል የሚጠመቅ ወይም የባህል መድኃኒት የሚሻ ሰው ቢኖርም ክትባቱን አያዘግይ። የተጀመረው ክትባት እስኪያልቅም አይቋረጥ።

የነከሰው ውሻ በአደጋ ሳይሆን መያዝ ከቻለ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። 10 ቀን በጤና ከቆየ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን ይህን እስኪያይ አይጠብቅ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው። ነገር ግን በበላበት እንዲጮኽ አስቀድሞ መብላት፣ መማርና መከተብ አለበት። ይህን ለማድረግ የማይችል ቤት ቡችላውን ለሚችል ይተው። የሚችል ቤት ግን ዛሬ ማደሪያውን ይሥራ፤ ቡችላው ነገ ይምጣ።

ጥያቄዎች

1. ቡችላ ከእናቱ የሚለየው በስንት ወሩ ነው? ለምን?
2. የታመመ ጉበት ለውሻ ቢወረወር በሰው ላይ ምን ጉዳት ያመጣል?
3. ሰው በውሻ ቢነከስ መጀመሪያ ምን ይደረጋል? ቀጥሎስ?
4. በመንደራችሁ ካሉት ውሾች ስንቶቹ ተከትበዋል? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።